የቡናው ወተት የማን እጅ ነው

ኣቢኤል ውሸቱን ሲጀምረው ውሸት መሆኑን እንኳ ልብ አላለውም ነበር።

እናቱ ወይዘሮ ርግበ የማለዳ ቡናቸውን ፉት አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከብዙ ሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አያቸው።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ ወተት የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁት።

«የአንዲት ልጅ።»

«የመሥሪያ ቤትህ ልጅ ናት? የወይዘሮ ጸሃይ ልጅ፣ ሣህሊቱ?»

ኣቢኤል የሸሚዙን ቁልፎች ቆለፈ፣ የጫማውን ክር አሰረ፣ «እንዳይረፍድብኝ» ብሎ ወጣ። እናቱ ዝምታውን እንደ አዎንታ ቆጠሩት። እሱም እንዲቆጥሩት ተዋቸው።

አሥመራ ነጻ በወጣች በሦስተኛው ዓመት ነው። ወይዘሮ ርግበ ባላቸውን ወልደኣብን ከቀበሩ ቆይተዋል። የበኩር ልጃቸው ንጋሲ በትግሉ ሜዳ መሰዋቱን የሰሙት ግን ከድሉ በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ሲዘፍን ነበር። ከዚያ ወዲህ የቀረቻቸው ደስታ ብትኖር፣ ቤት ጊዮርጊስ ሰፈር ባለው ቤታቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው ማለዳ የሚጠጧት ቡና ነበረች፤ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት በብዛት የሚፈስባት። በሰኔ ወር ሐኪሙ ደማቸው ውስጥ ስኳር በዝቷል ብሎ ያንን ወተት ከለከላቸው። «እንግዲያው ቡናውም ይቅርብኝ» አሉና ስኒያቸውን አጥበው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ሲቀመጡ ማየት ለኣቢኤል ከባድ ሆነበት።

ሓዝሓዝ ሰፈር ወዳለው የጋሽ ሻዕባን የቅመም ሱቅ የገባው ለዚህ ነው። ተራው ወተት ላይ ቀረፋ ቢጨመርበት ይጥማቸው እንደሆነ ሊሞክር ፈልጎ ነበር። ጋሽ ሻዕባን የወሎ ሰው ናቸው፤ አሥመራ ሲኖሩ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሚዛኑ ጋ የቆመችው ግን የእኅታቸው ልጅ ኒዕማ ነበረች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናትና አባቷን ባቲ ላይ ቀብራ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ወደ አጎቷ የመጣች ልጅ ናት።

«ቀረፋው ለምን ነበር?» አለችው በትግርኛ። ትግርኛዋ ጥሩ ነው፤ ከጉሮሮ የሚወጡት ድምፆች ላይ ብቻ ትንሽ ትለሰልሳለች።

ኣቢኤል ለምን እንደሆነ ሳያውቀው፣ ትምህርት ቤት በተማረው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አፉ ላይ ባልመጣው አማርኛ መለሰላት። ስለ እናቱ ነገራት፤ ስለ ስኒዋም ሳይቀር። ኒዕማ ቀና ብላ አየችው። ሰው በባዕድ ገበያ መሀል በስሙ ሲጠራ እንደሚዞረው ነበር አስተያየቷ።

«ቀረፋ ብቻውን አያጠግባቸውም» አለች። «ቅዳሜ ይምጡ። አንድ ነገር እሞክራለሁ።»

ቅዳሜ ሲመለስ በንጹሕ ጠርሙስ የተሞላ፣ የመስከረም ጸሐይ የመሰለ ወተት ሰጠችው። ዱባ የሚደርስበት ወቅት ነበር። ወተቱን በዝግታ እሳት አወፍራ፣ ዱባውን አድቅቃ አጥልላ፣ በቀረፋና በሄል አጣፍጣ የሠራችው ነው። «አንዲት ፍንጣሪ ስኳር የለበትም። ለስኒው ሁለት ማንኪያ ይበቃል፤ ሐኪሙንም ይጠይቁልኝ» አለችው። ሐኪሙም በሁለት ማንኪያው ተስማማ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፣ ሙሉ ጠርሙስ ይዞ ይመለሳል። በሦስተኛው ጊዜ ባዶው ጠርሙስ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ነበረበት። በአራተኛው ጊዜ መልሱ በጠርሙሱ አንገት ላይ ታስሮ መጣ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» የሆነው በደብዳቤ ነው፤ ፊት ለፊትማ ሁለቱም ያፍሩ ነበር።

የኣቢኤል ሌላው እፍረት ግን እንዲህ የሚያምር አልነበረም። ማምሻውን ወደ ፎርቶ ኮረብታ በኩል አብረው ሲራመዱ በአማርኛ ይጫወታሉ፤ መንገደኛ ሲቀርብ ግን ሳያስበው ወደ ትግርኛ ይሻገራል፣ እግሩም ግማሽ እርምጃ ይቀድማል።

«ሰው ሲያልፍ ቋንቋህ ይለወጣል» አለችው አንድ ቀን።

«ልማድ ነው።»

«ልማዱስ ይሁን። እኔ ግን በሁለቱም ስትናገር ያው አንተ መሆንህን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ያን ጊዜ እጇን ይዞ ብዙ ነገር ማለላት። እናቴ ልቧ ቁስል ነው፣ አማርኛ ወንድሜን የገደሉት የሚናገሩት ቋንቋ ነው፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ አላት። ኒዕማም አመነችው። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን እናቱ፣ «ሣህሊቱ እንደምን ዋለች?» ይሉታል። እሱም፣ «ደኅና ናት» ይላል። በእርግጥም ሣህሊቱ ደኅና ነበረች። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ እሱ የመንገድ ካርታ ሲነድፍ፣ እሷ ሁለት ጠረጴዛ አልፋ የመዝገብ ሥራዋን ትሠራለች፤ ስለ ወተትም ሆነ ስለ ኣቢኤል እናት ቡና የምታውቀው ነገር አልነበረም።

*

መስቀል ሲቃረብ ኒዕማ፣ «በበዓሉ መጥቼ እናትህን እንኳን አደረስዎ ብላቸውስ?» አለችው። ጠርሙሱን እያበሰች፣ ዓይኑን ሳታይ ነው የተናገረችው።

ኣቢኤል ደነገጠ። እናቱ ለበዓሉ ወይዘሮ ጸሃይንና ሣህሊቱን ጠርተው ነበር። «አሟታል» አላት ቶሎ ብሎ። «ተኝታለች። ሰው አትቀበልም። ሲሻላት እወስድሻለሁ።»

የዚያን ዕለት ሁለት ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ።

በመስቀል ዕለት ከሰዓት በኋላ የወይዘሮ ርግበ ሳሎን በእንግዳ ሞላ። ወይዘሮ ጸሃይ ሶፋው ላይ፣ ሣህሊቱ ከጎናቸው፣ የክርስትና አባቱ ኣቦይ ዘርእዝጊ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ከግድግዳው ላይ የንጋሲ ፎቶ ሁሉንም ያያል። ወይዘሮ ርግበ ነጭ ዙርያ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከትንሿ የጣሊያን ቡና ማፍሊያ እየቀዱ፣ በላዩ ላይ ብጫውን ወተት አፈሰሱ።

«ቅመሱት!» አሉ። «ወደ ቡናዬ የመለሰኝ ይሄ ነው። ይህቺን እጅ የሰጠ አምላክ ይመስገን። ሣህሊቱ ጓለይ፣ የእኔ ልጅ፣ አንቺ አፍረሽ ባትነግሪኝም ልጄ ነግሮኛል።»

ሣህሊቱ ስኒዋን እንደያዘች ቀረች። «እኔ?» አለችና ወደ ኣቢኤል ዞረች። ኣቢኤል በዓይኑ ለመናት፤ ተማጠናት። ልጅቷ ምንም ሳይገባት፣ ፊቷ ቀልቶ አቀረቀረች። እናቷ ወይዘሮ ጸሃይ ግን ጭንቅላቷን እያሻሹ ሳቁ። «ቤት ስትገባ ወጥ ቤቱን አታውቀው፣ ለሰው ቤት ግን ታውቅበታለች!»

የበሩ ደወል የተደወለው በዚህ ጊዜ ነው።

ኣቢኤል ሲከፍት ኒዕማ ቆማለች። ሰማያዊ ሻርፗን አሳምራ ተከናንባለች፤ ዘንቢል በእጇ አለ። ከዘንቢሉ ውስጥ የጠርሙስ አንገት ይታያል።

«ምነው እንዲህ ሆንክ?» አለችው በሹክሹክታ፣ በአማርኛ። «እናትህ ባሱ እንዴ? ታመዋል ስትለኝ ሌሊቱን ሙሉ ሐሳብ ሲይዘኝ አደረ። ቤታችሁን ጠያይቄ መጣሁ። የታመመ ሳይጠይቁ በዓል አይሆንልኝም።»

ከኋላው የሳቅ ድምፅ ሰማ። ኒዕማም ሰማችው። ፊቷ ላይ ግራ መጋባት ሲያልፍ አየ፤ ገና ጥርጣሬ አልነበረም።

ኣቢኤልም በትግርኛ፣ ሳሎኑ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ቅመሙን አመጣሽ? የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ። መሄድ ትችያለሽ» አላት።

ኒዕማ አልተንቀሳቀሰችም። ያለውን በትክክል እንደሰማች ሊያረጋግጥላት የሚችል ሰው ያለ ይመስል ዙሪያዋን አየች።

«ማነው?» አሉ ወይዘሮ ርግበ ከውስጥ።

«የቅመም ሱቅ ልጅ ናት፣ ኣደይ። ዕቃ ልታደርስ ነው።»

«በመስቀል ቀን ሰው ከደጅ ይመለሳል እንዴ? በል አስገባት! አንድ ስኒ ሳትጠጣ አትሄድም።»

ኒዕማ ገባች። በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዘንቢሏን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነችው። ኣቦይ ዘርእዝጊ ከየት እንደሆነች ጠየቋት።

«ከሓዝሓዝ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከወሎ ነኝ፣ አቦይ።»

ወይዘሮ ርግበ ቀና ብለው የልጃቸውን ፎቶ አዩ። ከዚያ ማፍሊያውን አነሱ፣ ቀዱ፣ ወተቱን አፈሰሱበት፣ ራሳቸው ተነሥተው ስኒውን አቀበሏት።

«ጠጪ፣ ጓለይ። አንቺ ቅመም ታውቂያለሽና ፍርዱን ስጪ። የሠራችው ይህቺ ሣህሊቱ ናት። አምላክ ከፈቀደ የቤቴ ልጅ ትሆናለች።»

ኒዕማ ወተቱን አየችው። ሣህሊቱን አየቻት። በመጨረሻ ኣቢኤልን አየችው። ያንን አስተያየት ኣቢኤል እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይረሳውም። በቁጣ ብታየው በወደደ ነበር። እሷ ግን ምሕረት እንደሚጠብቅ ሰው አየችው፤ አሁን ይናገራል፣ አሁን አፉን ይከፍታል ብላ ጠበቀች። ኣቢኤል ምንጣፉ ላይ ያለውን አበባ ተመለከተ።

ስኒውን እስከ ታች ጠጣችው።

«ጥዑም እዩ» አለች። ድምፅዋ አልተሰበረም። «በጣም ይጣፍጣል። እጇ ይባረክ።»

ተነሥታ ለወይዘሮ ርግበ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች፤ ዘንቢሏን እንደተሸፈነ ይዛ ወጣች። ኣቢኤል ሊከተላት እግሩን አነሣ፤ ኣቦይ ዘርእዝጊ አንድ ነገር ጠየቁትና እግሩን መለሰ። በመስኮቱ በኩል በምጽዋ መንገድ ላይ ቁልቁል ስትወርድ አያት። አንድ ጊዜ ዞር ብትል ሮጦ እንደሚደርስባት ለራሱ ነገረው። አልዞረችም። ባለመዞሯ ልቡ ቀለል አለውና፣ ቀለል እንዳለው ሲያውቅ ራሱን ተጸየፈ።

*

በማግሥቱ ሣህሊቱ ጠረጴዛው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ትናንት ባልሠራሁት ተመሰገንኩ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለምን እንደሆነ አልጠይቅህም፤ የገባኝ ያቺ ልጅ ስኒውን ስትቀበል ነው። እንዴት እንዳየችህ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ?»

ኣቢኤል ማስመሪያውን ካርታው ላይ አንቀሳቀሰ።

«እናቴ በእኔ ስም ቃል ልትሰጥ እያሰበች ነው፣ ኣቢኤል። እስከ እሑድ ካልነገርክ እኔ እናገራለሁ።»

ከሥራ ሲወጣ ወደ ሓዝሓዝ ሄደ። ኒዕማ ሱቅ ውስጥ የለችም። ጋሽ ሻዕባን ለሦስት ደንበኞች በርበሬና እርድ እስኪመዝኑ ድረስ ጥግ ይዞ ቆመ። ደንበኞቹ ከሄዱ በኋላ ሽማግሌው ከመሳቢያ አንድ ፖስታ አወጡ።

«ምን እንዳደረግካት አልነገረችኝም» አሉት። «አንተም እንዳትነግረኝ። ካወቅሁ ወላሂ እዚህ ሱቅ ስትገባ አላይህም። ባለቤቴ ጁዋይሪያ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደሴ ልትገባ ነው። ኒዕማም አብሬ እሄዳለሁ ብላለች። እኔ ሱቁን ሸጬ እከተላቸዋለሁ።»

ደብዳቤውን መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሞ አነበበው።

«ኣቢኤል፣

እናትህ ወተቱን እንዳያጡ ብዬ ነው የምጽፈው። ለሣህሊቱ ስጣት።

አንድ ሊትር ያልቀጠነ የላም ወተት ትጣድ። እሳቱ ትንሽ ይሁን። ወተቱ መገንፈል የለበትም፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ሲተነፍስ ይበቃል። ከእንጨት ማንኪያዋ እጇን አታንሣ፣ ግማሽ እስኪሆን ታማስለው። ዱባው ውሃ ውስጥ አይቀቀል፣ በእንፋሎት ይብሰል፤ ውሃ ከጠጣ ወተቱን ያቀጥነዋል። አድቅቃ በንጹሕ ሻሽ ታጥልለው። ከወረደው ላይ ሦስት ማንኪያ ብቻ። ቀረፋው እንጨቱ እንጂ ዱቄቱ አይሁን። ሄል አራት ፍሬ፣ የተፈነከተ። ቅርንፉድ ሁለት፤ ሦስት ከሆነ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ጥቂት ዝንጅብል፣ የጨው ፍንጣሪ። ሲቀዘቅዝ ታጥልለውና ጠርሙስ ውስጥ ታድርገው። ቀዝቃዛ ቦታ አራት ቀን ይቆያል። በአምስተኛው ቀን ይደፋ፤ ለእናትህ አይሰጥ።

ዱባው ከጥቅምት በኋላ ውሃ ውሃ ይላል። ያን ጊዜ ያለ ዱባ ትሥራው፤ ወተቱን ጥቂት ጨምራ ታወፍረው።

እኔ እጮኛ እንዳለህ አላወቅሁም ነበር። ብትነግረኝ ኖሮ ያለ ደብዳቤ እሠራላቸው ነበር። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፤ እነዚያ ሁሉ ደብዳቤዎች።

ኒዕማ።»

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። ኣቢኤል ግን ቆሞ ቀረ። በመላው ወረቀት ላይ አንድም የስድብ ቃል ፈልጎ አጣ። አፈርኩ ያለችው እሷ ናት! እሱ ሊሸከመው የሚገባውን እፍረት፣ እንደዚያ ጠርሙስ ሸፍና ይዛው ሄዳለች።

*

ቅዳሜ ማለዳ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ወጥ ቤት ገባ። ወተቱ አልቆ ነበር። ደብዳቤውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወተት ጣደ። እንደ ተጻፈው ማማሰል ጀመረ። «እጇን አታንሣ» የምትለው መሥመር ላይ ሲደርስ ዓይኑ ከደብዳቤው መነሣት አቃተው። ወተቱ ገንፍሎ ምድጃውን ሸፈነው፤ የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ድስቱን በባዶ እጁ ሊያነሣ ሲል ጣቶቹን አቃጠለ።

ሲዞር እናቱ በር ላይ ቆመዋል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ወተትሽን፣ ኣደይ።»

ወይዘሮ ርግበ ወደ ደብዳቤው ቀረቡ። ማንበብ አይችሉም። የተጻፈው በአማርኛ መሆኑንም አላወቁም። ግን የሴት እጅ ጽሑፍ መሆኑን አወቁ።

«የሣህሊቱ ነው?»

«ኣይፋልን፣ አይደለም» አለ ኣቢኤል። ከዚያ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠ። «ሣህሊቱ አልሠራችውም። አንድም ቀን አልሠራችውም። የሠራችው ያቺ በመስቀል ዕለት የመጣችው ልጅ ናት።»

ሁሉንም ነገራቸው። ሱቁን፣ ጠርሙሱን፣ ደብዳቤዎቹን፣ «መሄድ ትችያለሽ» ያላትን። እናቱ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ደብዳቤውን ከግድግዳው አነሡ።

«እስላም ናት?»

«እወ።»

«አማርኛ ትናገራለች።»

«እወ፣ ኣደይ። ለዚህ ነው የፈራሁት። ስለ ንጋሲ ብዬ። ልብሽ እንዳይቆስል ብዬ ነው...»

«ዝም በል!»

እናቱ እንዲህ ጮኸውበት አያውቁም።

«ንጋሲን ከመቃብሩ አታውጣው። ልጄ ለማን ሲል እንደሞተ እኔ አውቃለሁ፤ አንተ ለመዋሸት እንድትደገፍበት አይደለም የሞተው። አዎ፣ ያ ቋንቋ ይከብደኛል። ይህን ብትጠይቀኝ ፊት ለፊት እነግርህ ነበር። ጠየቅኸኝ?»

ኣቢኤል አንገቱን ደፋ።

«አልጠየቅኸኝም። ልጅቷን የደበቅኸው ከእኔ አይደለም። ከጎረቤት ነው የደበቅካት፣ ከመንገደኛ ነው፣ ከኣቦይ ዘርእዝጊ ነው። ያፈርክባት አንተ ነህ። እኔን ምክንያት አደረግኸኝ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ደግሞ እኔስ? በገዛ እጇ የሠራችውን በእንግዳ ስኒ አጠጣኋት። የማታውቃትን ሴት አመስግኝ አልኳት። እሷም አመሰገነች። አምላኬ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ላይ ላድርግ?»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና አለቀሱ። ኣቢኤል ንጋሲ መሰዋቱ ሲነገራቸው እንኳ ሰው ፊት ሲያለቅሱ አላያቸውም ነበር። ከተቃጠሉት ጣቶቹ ይልቅ ያንን ነጠላ ማየት አቃጠለው።

*

ሁለት ቀን አላናገሩትም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጥቁር ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆሙ።

«ወደ ልጅቷ ውሰደኝ።»

ታክሲው ወደ ሱቁ የሚያስገባው ጠባብ መንገድ አፍ ላይ አወረዳቸው። ወይዘሮ ርግበ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በየአሥር እርምጃው እየቆሙ ተራመዱ። ክንዱን ሲሰጣቸው አልያዙትም።

ሱቁ ውስጥ አራት አምስት ሰው ነበር። ጋሽ ሻዕባን ሚዛኑ ጋ፣ ኒዕማ ከጓዳው በር አጠገብ ለመንገዱ ከረጢት እየሰፋች። ስታያቸው መርፌዋን እንደያዘች ተነሣች። ዓይኗ ኣቢኤልን አልፎ ወደ እናቱ ሄደ፤ እሱን አንዴም አላየችው።

«ንገራት» አሉት ወይዘሮ ርግበ። «እዚሁ። ሰው ፊት።»

ኣቢኤል ደንበኞቹን አየ። አንዷን ያውቃታል፤ የመንደራቸው ሴት ናት። አፉ ደረቀ። ከዚያ በአማርኛ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ መናገር ጀመረ።

«ይህቺ ኒዕማ ናት። ለእናቴ ወተቱን የሠራችው እሷ ናት። የምወዳት እሷን ነው። ሣህሊቱ እጮኛዬ አይደለችም፤ ሆናም አታውቅም። እናቴ አልታመመችም ነበር፤ እንዳትመጪ ብዬ ነው የዋሸሁሽ። በቤቴ በር ላይ ቆመሽ... አላውቅሽም አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። አፍሬብሽ ነው።»

ያቺ የመንደራቸው ሴት የገዛችውን አንሥታ፣ ሳታያቸው ወጣች። ነገ ቤት ጊዮርጊስ በሙሉ እንደሚሰማው ኣቢኤል አወቀ።

ኒዕማ ከንፈሯን ነክሳ መርፌዋን ታገላብጥ ነበር። ጋሽ ሻዕባን ሚዛኑን ለቀው ወደ ኣቢኤል አንድ እርምጃ መጡ፤ ወይዘሮ ርግበ ግን ቀድመዋቸው ወደ ልጅቷ ሄዱ። በትግርኛ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ጓለይ፣ እኔ አማርኛ የማውቀው ትንሽ ነው። ባለቤቴ ወልደኣብ ታስሮ ሳለ ስንቅ ሳመላልስለት፣ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ነው የተማርኩት። ዘቦቹ የሚሉኝን ነው የማውቀው። ቁሚ። ተመለሺ። ነገ ነይ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ ነገ ነይ። ከዚያ ወዲህ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሌላ ቃል የለኝም።»

የኒዕማን ሁለት እጆች፣ መርፌው ሳይቀር፣ በእጆቻቸው ውስጥ ያዙ። ከዚያም በተሰባበረ፣ በከበደ አማርኛ፣ እያንዳንዷን ፊደል ከጉሮሯቸው እየጎተቱ፣

«ነገ... ነይ» አሏት። «ነገ፣ ቤቴ፣ ነይ።»

ኒዕማ መስቀል ዕለት ያልፈሰሰው እንባዋ መጣ። ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን እጆች ግንባሯ ላይ አደረገች።

«ሕራይ፣ ኣደይ» አለች። «እመጣለሁ። ለእርስዎ እመጣለሁ።»

ጋሽ ሻዕባን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከረጢቱስ? የደሴው መንገድስ?» አሉ፣ የሚሉት የጠፋባቸው ይመስል። «ደግሞ የሃይማኖቱ ነገር አለ። ይህ በአንድ ስኒ ወተት የሚያልቅ አይደለም።»

«አያልቅም» አሉ ወይዘሮ ርግበ፣ በትግርኛቸው። «እኔም ያልቃል አላልኩ። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው።»

ኒዕማ እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ፣ በመጨረሻ ወደ ኣቢኤል ዞረች። ትይዘዋለች ብሎ የጠበቀው እጅዋ አልተዘረጋም።

«አንተን ይቅር አላልኩህም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«መቼ እንደምል አላውቅም። ምናልባት ላልችል እችላለሁ።» መርፌዋን ከረጢቱ ላይ ሰካችው። «ግን ከዚህ ሄጄ ይቅር ልልህ አልችልም። ለአክስቴ እነግራታለሁ፤ ብቻዋን ትሂድ።»

ሁለቱ ሴቶች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው፣ አንዷ በትግርኛ፣ አንዷ በለሰለሰ ትግርኛ፣ ስለ ወተቱ ማውራት ጀመሩ። ኣቢኤልን ቁጭ በል ያለው ሰው አልነበረም። እዚያው በሩ ጋ፣ የሚገባና የሚወጣ ደንበኛ ሁሉ እያየው፣ ጆሮው ድረስ እንደቀላ ቆመ። ሂድ እስኪሉት ድረስ አልሄደም፤ ደግሞም ማንም ሂድ አላለውም።